የድሮ ብሉዝና ጃዝ ሸክላ፦ ጠይቁኝ

ቡናዬ ቀርቧል፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ። በማን ልጀምር? ሁሉም ሮበርት ጆንሰን የሚባለውን የብሉዝ ጊታሪስት ይለኛል።

እኔ ደግሞ የብሉዝ ዘፋኟን ቤሲ ስሚዝን እላለሁ። ሮበርት ጆንሰን ያስቀዳው በ1936 እና 1937 ነው፤ ገበያውን ቀድመው የከፈቱት ሴቶቹ ናቸው። ማሚ ስሚዝ ነሐሴ 1920 ኒው ዮርክ ውስጥ «ክሬዚ ብሉዝ»ን ለኦኬ ኩባንያ ዘፈነች፣ ሸክላው እንደ ጉድ ተቸበቸበ፣ ኩባንያዎቹም ጥቁሩ ሕዝብ ለካ ሸክላ ይገዛል ብለው ያኔ ነቁ። ቤሲ በ1923 መጣች። ድምፅዋን አንዴ ከሰማህ አትለቅህም።

ጥያቄ፦ ቤሲ ከሸክላው ሽያጭ ፐርሰንት ታገኝ ነበር?

የለም! ለዘፈኑ የተቆረጠ ሒሳብ ተከፍሏት በቃ።

ጥያቄ፦ የ1923ቱን የኪንግ ኦሊቨር ጃዝ ባንድ ሰማሁት። ለምንድን ነው እንዲህ የታፈነው? ከበሮውስ የት ገባ?

ማይክ የለማ! ሪችመንድ፣ ኢንዲያና ነው የተቀዳው፣ ስቱዲዮው የባቡር ሐዲድ ጥግ ነበር፣ ባቡር ሲያልፍ ሥራው ይቆማል። ሁሉም የሚጫወተው ጡሩምባ ወደመሰለ ትልቅ ቀንድ ዞሮ ነው። ድምፁ ከቀንዱ ጫፍ ያለችውን መርፌ ያንቀጠቅጣታል፣ እሷ ሰም ላይ ትጭራለች። ትልቅ ከበሮ ቢመታ መርፌዋ ከመስመር ትወጣለች፤ ስለዚህ ከበሮ መቺው ቤቢ ዶድስ እንጨት እንጨቱን ነው የሚመታው። ወጣቱ ሉዊስ አርምስትሮንግ ደግሞ ኮርኔቱ (አጠር ያለ ትራምፔት) ሌላውን ስለዋጠ ከሁሉም ኋላ፣ ራቅ አድርገው አቆሙት። ይህን ያወራችው ፒያኖ ትጫወት የነበረችው ሊል ሃርዲን ናት፤ በኋላ ተጋብተዋል። ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት፣ እዚያ ጥግ ቆሞም ይሰማል።

ማይክ የገባው በ1925 ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የ1928ቱን «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» ክፈቱ። መግቢያው አርምስትሮንግ ለብቻው ነው፣ አጃቢ የለም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ዘፈን 3 ደቂቃ የሆነው ለምንድን ነው?

ባለ 10 ኢንቹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ያን ያህል ነዋ።

ጥያቄ፦ ጫጫታው የተጠረገለት ቅጂ ይሻላል?

በልኩ ከሆነ አዎ። ፓራማውንትን የመሰለ ኩባንያ (የወንበር ፋብሪካ ንብረት ነበር፣ ጉድ እኮ ነው) ሸክላውን በርካሽ ነው ያተመው። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቻርሊ ፓተን በ1929 ያስቀዳውን ከመጠን በላይ ካጠቡት ጊታሩም አብሮ ይታጠባል። እኔ ሽሽታውን ችዬ እሰማለሁ፤ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ጆሮ ይረሳዋል።