ያልተለቀሰ ለቅሶ፦ ከኮሮና ዘመን ስለቀረብን ነገር ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በአንድ የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሠርቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ካነሳ ቆየ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነበር። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ግን ዛሬም ወሬውን «ከኮሮና ወዲህ...» ብሎ ይጀምራል። ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም፤ ጠይቁኝ። መድኃኒት ግን በጽሑፍ አላዝም።

ጥያቄ፦ አባቴ ሰኔ 2012 አረፈ። ድንኳን አልተጣለም። የእድሩ ሰዎች በር ላይ ቆመው አጽናንተውን ሄዱ። ያኔ አላለቀስኩም፣ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። እህቶቼ «ልበ ደንዳና» ይሉኛል። እውነት ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፣ እህቴ። ለቅሶ እኛ ዘንድ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። መርዶው በማለዳ ይነገራል፤ የሚያረዱት ሰዎች ቀድመው ይሰበሰባሉ፣ የሚደግፍሽ ሰው አጠገብሽ ይቆማል። ድንኳን ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው እየገባ እየወጣ «እንዴት ሆኖ ሞተ?» ይላል። አንቺም ያንኑ ታሪክ ሠላሳ አርባ ጊዜ ትናገሪያለሽ። አድካሚ ነው፤ እኔ ራሴ በጉብዝናዬ ይህ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል እል ነበር። አሁን ሳስበው ሥራው እዚያ ላይ ነው። እየደጋገምሽ ስትናገሪው ልብሽ ቀስ በቀስ ያምናል።

መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ አልከራከርም። ግን አንቺ አባትሽ እንዴት እንደሞተ ለማን ተናገርሽ?

የማውቀው አንድ ቤተሰብ በሁለተኛው ሙት ዓመት እድሩን ጠርቶ ድንኳን አስጣለ። «ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ምን ለቅሶ አለ?» ያሉ ነበሩ። መጡ፤ እነሱም አለቀሱ። ለካ የየራሳቸውን ሟች ይዘው ነው የመጡት። እናንተም ብታስቡበት ጥሩ ነው። ድንኳኑ ከከበደ እህቶችሽን ሰብስቢና የመጨረሻውን ሳምንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተነጋገሩ። ናፍቆቱ በየቀኑ ሥራና እንቅልፍ የሚከለክልሽ ከሆነ ግን ባለሙያ ጋ ሂጂ። ይህን ያህል የቆየ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕክምና አለው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ እናቴን በስልክ ቪዲዮ ነው የቀበርኳት፤ ግንቦት 2012። «ትኬት ቆርጬ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስቲ አብረን እናስላው። ያኔ ከውጭ የገባ ሰው 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ሆቴል ይቀመጥ ነበር። እናትህ ባረፉበት ሌሊት አውሮፕላን ላይ ብትወጣ እንኳ ቀብሩ ሲፈጸም አንተ ቦሌ አካባቢ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነህ። ጸጸት ሒሳብ እንደማይሰማ አውቃለሁ። ቢሆንም በወረቀት ጻፈውና ሌሊት ሲመጣብህ አንብበው። ሌላው፣ መቃብሩ ጋ ካልሄድክ ሂድ። ብዙ ሰው አገር ቤት መጥቶ ዘመድ ሲጠይቅ ይከርምና መቃብሩን ሳያይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያስል ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። እብደት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። መጀመሪያ ልብህን ሐኪም ይይልህ፤ ያን መዝለል አይገባም። ልብህ ደህና ከሆነ ይህ የድንጋጤ ስሜት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ በ25 በመቶ ጨመረ ብሏል። ፐርሰንት ታክሲ ውስጥ ምን ያደርግልሃል፣ ብቻህን እንዳልሆንክ እንድታውቅ ብዬ ነው።

ችግሩ መውረድህ ነው። በወረድክ ቁጥር አእምሮህ «ስለወረድኩ ተረፍኩ» ብሎ ይመዘግባል። ታክሲ በግማሽ ጭኖ ዋጋው እጥፍ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? ያኔ መራቅ ተማርን፤ መቅረብን ግን እንደገና ያስተማረን የለም። በመስኮት በኩል ተቀመጥና በመጀመሪያው ቀን አንድ ፌርማታ ታገስ። በሚቀጥለው ሁለት።

ጥያቄ፦ ለድባቴዬ እናቴ ጸበል ትላለች፣ ሐኪሙ ኪኒን። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም። ጸበሉን ስትጀምሪ ኪኒኑን አታቋርጪ፣ በቃ። ኪኒኑ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳትጥይው።

ጥያቄ፦ በ2012 ከቤይሩት ተመለስኩ። አሠሪዎቼ ደመወዜን ሳይሰጡኝ ነው ያስወጡኝ። ሰፈር ስደርስ ደግሞ ጎረቤት «ኮሮና ይዛ መጣች» ብሎ በር ዘጋብኝ። እስከ ዛሬ ቡና ሲጠሩኝ አልሄድም።

መልስ፦ የኔ እህት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ያኔ ቤይሩት ያለው ቆንስላችን በር ላይ አሠሪዎቻቸው እንደ ዕቃ ጥለዋቸው የሄዱ እህቶቻችንን በዜና አይተናል። ያንን አልፎ አገሩ የገባ ሰው በለይቶ ማቆያ ሰንብቶ፣ ነጻ ነው ተብሎ፣ ሰፈሩ ላይ እንደገና ተለየ። የመጀመሪያውን ባዕድ ነው ያደረገው። ሁለተኛው የሚያንገበግበው የሠፈር ሰው ስላደረገው ነው።

«ይቅር በያቸው» አልልሽም፤ እሱ ያንቺ ነው። ግን ከሁሉም ጎረቤት አንዷን፣ ልብሽ የሚቀርባትን ምረጪ። ለብቻዋ ቡና ጥሪያት። «ያን ጊዜ በር ስትዘጉብኝ እንዲህ ሆንኩ» በያት። ምናልባት ትቀየም ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን ብዙዎቹ ፈርተው ያደረጉት ስለሆነ እስከ ዛሬ ያፍሩበታል፤ የሚጀምርላቸው ሰው ነው ያጡት።

ጥያቄ፦ አያቴ «ከኅዳር በሽታ የተረፈ ዘር ነን» ይሉ ነበር። ያኔ ሰው እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ኅዳር 1911፣ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው ነው። ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሰው እንዴት እንደቻለው ባላውቅም አንድ ነገር ትቶልናል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ይቃጠላል፣ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ጭሱ ለሳንባ አይበጅም፣ እንደ ጤና ባለሙያ ልናገር። ግን ቀን አበጁለት። ለኮሮና እኛ ምን ቀን አለን? መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘበት ቀን፣ ማንም ሳያስታውሰው ያልፋል።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህስ? ነርስ አይደክመውም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ጠርጥሬ ነበር። እኔ ላይ የቀረው የስልክ ጥሪ ነው። የሟች ዕቃ በፌስታል ታስሮ ይቀመጣል፣ ስልኩ ውስጡ ይጠራል። ማንሳት አይፈቀድልኝም፤ ቤተሰብ የሚያረዳው ሌላ ሰው ነው። ያን ሰሞን ስልክ ስትደውሉ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገረው ድምፅ ትዝ ይላችኋል? ደዋዩ በዚያ በኩል እሱን እየሰማ ነው፣ እኔ በዚህ በኩል ጥሪውን። ለባልደረባዬ የነገርኳት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እሷም ሌላ ስልክ ነበራት።

የኔ ስልክ እስከ ዛሬ ድምፁ ጠፍቶ ነው የሚውለው። መልስ ሳዘገይባችሁ ለዚያ ነው።