ለጫጉላው ጉዞ «እንዳልሽ» ብቻ የሚለኝ እጮኛ

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት የምኖር ነርስ ነኝ። እጮኛዬ አዲስ አበባ ነው። ከፋሲካ በኋላ እዚያው እንጋባለን፣ ከዚያ ለጫጉላ ጣሊያን ሄደን መኪና ተከራይተን ገጠሩን ልንዞር ነው። ሚላን፣ ቬኒስ፣ ቺንኩዌ ቴሬ፣ ፍሎረንስ፣ ሲዬና፣ ሮም፣ አማልፊ፣ ሁሉም በ8 ቀን። ምሳ የት እንደምንበላ ሳይቀር በኤክሴል ሠርቻለሁ። የሱ መልስ ግን «እንዳልሽ» ብቻ ነው። ፎቶ ስልክለት «ያምራል» ይልና ዝም። ከዚህ በፊት አንዴ ቪዛ ተከልክሎ ነበር፣ አሁንም ወረቀቱን አዘጋጅ ስለው ይነጫነጫል። ቤተሰቡ የሰላሌ ሰዎች ናቸው፣ አያቱ ጣሊያን ሲባሉ ፊታቸው ጠቆረ፣ ሳቅን አለፍነው። የምከፍለው እኔ፣ የምነዳው እኔ፣ የማስበው እኔ። እውነት ሊያገባኝ ይፈልጋል?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄሽን ላስቀድመው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ሊያገባሽ እንደማይፈልግ የሚያሳይ አንድም ነገር አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነው። ይህን ጉዞ በጉጉት የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱም አንቺ ነሽ። እሱ ገና መጠበቅ አልጀመረም። ለምን እንዳልጀመረ ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ግን ቶሎ ቶሎ አልፈሽዋል።

ቪዛው። አንቺ ኪያንቲ ውስጥ ወይን እርሻ መሀል ያለ ቤት ስትመርጪ፣ እሱ የሚያየው የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መስኮት ፊት ቆሞ «ተመልሼ እመጣለሁ» እያለ የሚያስረዳ ራሱን ነው። ሚስቱ አውሮፓ ለምትኖር ሰው ይህን ማሳመን እንደሚከብድ አንቺም እሱም ታውቃላችሁ። አንዴ የተከለከለ ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋውን ይቆጥባል። ፎቶውን አይቶ «ዋው» ካለ፣ ሲከለከል የሚያዝነው እጥፍ ይሆንበታል። ስለዚህ «ያምራል» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። በዚያ ላይ ሼሙ አለ። የከፈልሽው ገንዘብ በሱ ፓስፖርት ምክንያት ቢቃጠልስ? ይህን ሙሽራውን ማን ይጠይቀዋል?

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ቶስካና፣ ፍሎረንስና ሲዬና ስላሉበት ክልል፣ ማውራት አቁሚ። ስለ ክልከላው አውሩ። በዚያን ቀን ምን ተሰማህ፣ ለማን ነገርክ ብለሽ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው፣ በመሀል መፍትሔ አታቅርቢ፣ ነርስ ስለሆንሽ እጅሽ ቶሎ ወደ ፋሻው እንደሚሄድ እገምታለሁ። ከዚያ አንድ ነገር በግልጽ ንገሪው፦ ካልተሰጠህ አላፍርብህም፣ ሰርጉም ጫጉላውም አይበላሽም። ይህን ደግሞ በሥራ አሳዪው። ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻል ማረፊያ ብቻ ያዢ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር፣ ግን እዚያ ድረስ አታድርሱት። የምታመለክቱት ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። መመለሻ ላይ ፍራንክፈርት እንቆያለን ካላችሁ ቀኑን ቁጠሩ፣ ጀርመን ከበለጠ የጣሊያን ኤምባሲ ጉዳይ አይሆንም።

ሁለተኛ ዕቅድም ይኑር፣ እሱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለሱ ስጪው። ወንጪም ይሁን አርባ ምንጭ፣ የቱ መንገድ ሰላም እንደሆነ ከፍራንክፈርት ሆነሽ ከምትገምቺው እሱ ያውቃል። ኤክሴል እንዳትልኪለት፣ በእግዜር።

አሁን ወደ አያቱ። «ሳቅን አለፍነው» ያልሽው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የሰላሌ ሰው ናቸው ብለሻል። ከየካቲት 12ቱ የግድያ ሙከራ በኋላ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስጨረሰው በግንቦት 1929 ዓ.ም. ነው፣ በተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን። አያቱ ያኔ ባይወለዱ እንኳ ያሳደጓቸው ሰዎች ያን ያዩ ናቸው። የእናንተ ጫጉላ ደግሞ ግንቦት ላይ ሊውል ይችላል። «ኧረ ድሮ ነው» እንዳትዪ፣ ከሮም በስተምሥራቅ ባለችው አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚያው ለግራዚያኒ መታሰቢያ የተሠራው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ያኔ ራሳቸው ጣሊያኖችም ተቃውመውታል።

አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ሲዬና አጠገብ አይብ የሚሠራ ገበሬ ለዚህ ተጠያቂ አይሆንም። ግን እጮኛሽ በአያቱና በአንቺ መሀል ተቀምጧል። አንዱን ቢደግፍ ሌላውን የሚያስቀይም እየመሰለው አፉን ይዟል። ከሰርጉ በፊት አብራችሁ ሂዱና ቡና ጠጡላቸው። አባቶቻቸው ምን እንዳዩ ይንገሩሽ። እሳቸውን ለማሳመን አትሞክሪ፣ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1441 እኮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ለጉባኤ ፍሎረንስ ሄደው ነበር» ብለሽ ታሪክም አታስተምሪያቸው፣ እውነት ቢሆንም። ምናልባት ይመርቋችኋል፣ ምናልባት አይመርቁም። እሱ ግን አያቱን አክብረሽ ስታዳምጪ ያያል፣ ለኔ ከምርቃቱ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ስለ መኪናው መሪ አጭር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ሲነዳ የኖረ ወንድ 8 ቀን ሙሉ ተሳፋሪ ሲሆን ይደብረዋል፣ ቢክድም። ጣሊያን ከአውሮፓ ውጭ ለተሰጠ መንጃ ፈቃድ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ ትርጉም ትጠይቃለች። ማሟላት ይቻል እንደሆነ ራሱ ይጠይቅ። ካልተቻለ ካርታው የሱ ይሁን፣ አንቺ ደግሞ በያዘው መንገድ ሂጂ፣ ቢሳሳትም።

እና ያ ኤክሴል። እህቴ፣ ይሄ ጫጉላ ሳይሆን የጭነት መኪና ፕሮግራም ነው። ከሰርግ፣ ከመልስና ከቅልቅል ወጥታችሁ፣ እግራችሁ አብጦ፣ እንቅልፍ ሳትጠግቡ ነው የምትሄዱት። ለዓመታት በስልክ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋትና ማታ አብረው ሊሆኑ ነው። አንዱ ማታ ቀዝቃዛ ይወዳል፣ አንዱ መስኮት ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ከቬኒስ አማልፊ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እኔ ብሆን ሰሜኑንም አማልፊንም እሰርዛለሁ። ሁለት ማረፊያ ይበቃል፣ አንዱ ኪያንቲ፣ አንዱ ከሲዬና በስተደቡብ ያለው ቫል ዶርቻ፣ አግሪቱሪዝሞ የሚሉት የገበሬ ቤት ማረፊያ። ከፍሎረንስ ሲዬና በኪያንቲጃና ሂዱ፣ ቀስ የሚያስብል ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ መንገድ ላይ ያለችው ግሬቬ ላይ ቁሙ። ከዚያ ቫል ዶርቻ ውስጥ ያለችው ፒየንሳ። እዚያ የፍቅር መንገድና የመሳም መንገድ የሚባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፣ ትንሽ የቱሪስት ነገር ነው፣ ግን ሙሽሮች ናችሁ ይፈቀድላችኋል። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ከሆናችሁ ረቡዕና ዓርብም ጾም ስለሌለ የፒየንሳን የበግ አይብ ሳትሳቀቁ ብሉ። ምሳ ካመለጣችሁ ገጠሩ ውስጥ ብዙው ወጥ ቤት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል በኋላ ይዘጋል፣ የሚራብ ሰው ደግሞ ይጣላል። የሚነዳ ሰው ወይን ቤት ገብቶ በየብርጭቆው እንዳይቀምስ፣ ወሰኑ በሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት ላልሞላው ደግሞ ዜሮ። ፍሎረንስና ሲዬና መሀል ከተማ በመኪና አትግቡ፣ ዜድ ቲ ኤል የሚባል የተከለከለ ክልል አለ፣ ካሜራው ያነሳሽና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ፍራንክፈርት ይደርስሻል።

ከቀኖቹ ግማሹን ለሱ ልቀቂ። «ምን ትላለህ?» ብለሽ አትጠይቂው፣ መልሱን ታውቂዋለሽ። «ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ያንተ ነው፣ እኔ አልጠይቅም» በይው። ሲዬና ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጦ ኳስ ማየት ከመረጠ አብረሽው ተቀመጪ፣ ፊትሽንም አታጥቁሪ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም የት እንደምትኖሩ፣ ልጅ መቼ እንደምትወልዱ፣ ለቤተሰብ ስንት እንደምትልኩ ስትጠይቂው «እንዳልሽ» ካለሽ፣ ያ የጉዞ ጉዳይ አይደለም። ያኔ የሰርግ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት ሁለታችሁም አንድ አማካሪ ፊት ተቀመጡ፣ በቪዲዮም ቢሆን።