ቀዩ ቅጠል ሳይጠቁር

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጥቅምት በገባ ቁጥር ልጄ ከደጃችን ቀያይ የሜፕል ቅጠል ለቅማ ታመጣለች፤ በሳምንቱ ተጠቅልሎ ይፈረፈራል። ጓደኛዬ ግሊሰሪን አድርጊበት አለችኝ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ግሊሰሪኑን ለእጅሽ አቆዪው። 1 እጅ ግሊሰሪን በ2 እጅ ውሃ በጥብጠው ቅጠሉን ቢነክሩበት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ግን ቀዩን ያጠይመዋል። የልጅቷ ደስታ ደግሞ ቀለሙ ነው።

እኔ በሰም አምናለሁ። በመጀመሪያ ገና ያልደረቀውን ቅጠል ጤዛውን ጥረጊና በጋዜጣ መካከል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። የሚያብለጨልጭ ወረቀት እርጥበት አይመጥም፣ ስለዚህ የእኛን መጽሔት ተዪው። ጋዜጣውን በማግስቱ ለውጪ። ቅጠሉ ሲተኛልሽ ንጹሕ የንብ ሰም በጣሳ አድርገሽ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጪ። ሰም 63 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂው፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ይቀጣጠላል። ቅጠሉን በአንገቱ ይዘሽ አንዴ ነከር፣ አራገፍ፣ ከዚያ በክር መስቀል ነው። መንከሩን አንቺ፣ መስቀሉን እሷ!

ቢጫው በጋውን ሙሉ ከአረንጓዴው ስር የነበረ ቀለም ነው፤ ቀዩን ግን ቅጠሉ በመጨረሻው ሰዓት ከስኳሩ የሚሠራው ነው፤ ብርሃንም ቶሎ ይጎዳዋል። መስኮት ላይ አትለጥፉት።