መልስ፦ መጪው በጋ ምን ይዞ ይመጣል?

ስለ ጤፍ፣ ስለ ዶላርና ስለ ቤት ኪራይ ለጠየቅኸው የእኔ ግምት ይኸው። ጤፍ አዲሱ ምርት ከአውድማ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ትንሽ ይረክሳል፤ ክረምቱ ሲቃረብ መልሶ ይወደዳል። አቅም ያለው በጥር ይሸምት። ዶላር ይወርዳል ብለህ ግን አትጠብቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ወደ 74 የዘለለው በአንድ ቀን ነው። ፒያሳ የማዘወትረው ቡና ቤት በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ወረቀት እየለጠፈ አዲሱን ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ ማሳተሙን ከተወ ቆይቷል (ብልህ ነው!)። ኪራይን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጭማሪን ቢገድብም፣ አንዳንድ አከራይ በውሃና በጥበቃ ስም መጠየቁ አይቀርም። ውልህን በጽሑፍ አድርገህ አስመዝግብ።