ሰብዉፈር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ለትንሽ ሳሎን የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ስለመምረጥ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ለወዳጅ ዘመድ ሲስተም መግጠም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የብዙ ሰው ገንዘብ ያለቦታው ሲወጣ ስላየሁ ጉዳዩ ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ሳሎኔ 4 በ3 ሜትር ነው። አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ባለ 4 ኢንች ስፒከሮች አሉኝ። ሰብዉፈር የግድ ነው?

መልስ፦ የግድስ አይደለም። የሚወስነው የምታዳምጠው ነገር ነው። ዜና፣ ወግ፣ ክራርና ማሲንቆ ብቻ ከሆነ ያሉህ ስፒከሮች ይበቁሃል። ባንድ ያለበት ሙዚቃና ፊልም ከሆነ ግን የሚጎድልህ ነገር አለ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር አንገቱ ላይ ጣት ሳይጫነው ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው (ኸርዝ በሰከንድ የንዝረት ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል)። ባለ 4 ኢንች ስፒከር ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ሲወርድ ገና 70 እና 80 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ይደክማል። ስለዚህ የምትሰማው የቤዙን የላይኛውን ክፍል ነው፤ ሥሩ የለም። ሰብዉፈር የሚሞላው ይህን ነው።

ስፒከሮችህ የሰው ድምፅ የሚያፍኑ ከሆኑ ግን መጀመሪያ ገንዘብህን እነሱ ላይ አውጣ። ለታፈነ ድምፅ ሰብዉፈር መድኃኒት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ስገባ አንዱ 1,000 ዋት፣ ሌላው 3,000 ዋት ይላል። ዋጋቸው ግን ይቀራረባል። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አይደሉም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው። ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጉልበት ነው፤ አለካኩም ወጥ ሕግ የለውም። መጠየቅ ያለብሽ አርኤምኤስ የሚለውን ነው። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት ማለት ነው። ሻጩ ካላወቀው ሳጥኑን አዙሪና ከኋላ የተለጠፈውን አንብቢ። ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ከሆነ 1,000 ዋት ከየት ያመጣል?

ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ ብዙ ጀማሪዎች የገዙት የፖልክ ፒኤስደብሊው10 ሳይቋረጥ የሚሰጠው 50 ዋት ነው። የዴይተን ኦዲዮ ሰብ-1200 ደግሞ 120 ዋት። ሁለቱም ትንሽ ሳሎን ይሞላሉ። በዚያ ላይ ዋቱ እጥፍ ስለሆነ ድምፁ እጥፍ አይሆንም። የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማሽ ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ በ80 እና በ100 ዋት መካከል እየዋለልሽ ራስሽን አታድክሚ።

ጥያቄ፦ የሰብዉፈሩ ኮን (አየር የሚገፋው ክቡ ክፍል) 8፣ 10 ወይስ 12 ኢንች ይሁን?

መልስ፦ ለ12 ካሬ ሜትር ክፍል ጥሩ 8 ኢንች ይበቃል፤ 10 ኢንች ይመቻል። 10 ኢንች ከ8 ኢንች በ2 ኢንች ብቻ የሚበልጥ ይመስላል እንጂ አየር የሚገፋው ስፋቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። 12 ኢንች የምመክረው ቦታ ላለውና ፊልም ለሚወድ ሰው ነው።

በርካሽ ዋጋ ውስጥ ግን ከኢንቹ ይልቅ ሳጥኑን እዩ። በጣታችሁ ጎኑን ቆርቆር አድርጉት። ደረቅና አጭር ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው። እንደ ባዶ ካርቶን ካስተጋባ ሳጥኑ ራሱ ቤዝ ሊጨምርባችሁ ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በተመሳሳይ ዋት የበለጠ ይጮኻል፤ ድፍኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከበሮውን ቶሎ ይዞ ቶሎ ይለቃል። ለሙዚቃ እኔ ድፍኑን እመርጣለሁ። በርካሹ ገበያ ግን ድፍን ማግኘት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ገዝቼ ገጠምኩት። ሶፋው ላይ ስቀመጥ ቤዙ ጉምምም ይላል። ኩሽና ስገባ ደግሞ ያምራል። ዕቃው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ መመለሱ በጣም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መፍትሔው ምንም ብር አይጠይቅም።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። የ43 ኸርዝ ቤዝ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ይረዝማል። ሳሎንህ 4 ሜትር ከሆነ ልክ ግማሹ ነው። ያ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል። ግድግዳው ጋ ያብጣል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ሶፋህ ግድግዳ ተደግፎ ሰብዉፈሩ ማዕዘን ላይ ከተቀመጠ፣ እብጠቱን ከሁለት በኩል ጠራኸው ማለት ነው።

እንዲህ አድርግ። ሶፋውን ገፋ አድርገህ ሰብዉፈሩን አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጠው። ቤዝ ጊታሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ዘፈን ክፈት። ከዚያ ተንበርክከህ በክፍሉ ዳርና ዳር እየተዘዋወርክ አዳምጥ። አንድ ቦታ ላይ አንዱ ኖታ ሳይጮህ፣ ሌላው ሳይጠፋ ሁሉም እኩል ይሰማሃል። የሰብዉፈሩ ቦታ እዚያ ነው። አንድ ዘመዴ ዕቃውን ሊመልስ ካርቶን ውስጥ ከቶት ደረስኩ። ከማዕዘኑ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው ያራቅነው። እስካሁን ያዳምጥበታል።

መጋረጃና ምንጣፍ እዚህ ላይ አይረዱም። ቀጭኑን ድምፅ ያለዝባሉ እንጂ ቤዙን አይነኩትም።

ጥያቄ፦ ከኋላው ያሉት ማዞሪያዎች ግራ ገቡኝ።

መልስ፦ ሦስት ናቸው። ክሮስኦቨር የሚለው ሰብዉፈሩ እስከ የት ድረስ እንደሚሠራ ይወስናል። የተለመደው መነሻ 80 ኸርዝ ነው። ስፒከሮችሽ ትንንሽ ከሆኑ እስከ 100 ሞክሪ። ከዚያ ካለፈ የወንድ ድምፅ ከሰብዉፈሩ መውጣት ይጀምርና ዘፋኙ ከጥግ የሚዘፍን ይመስላል። አምፕሊፋየርሽ ራሱ ቤዙን ለሰብዉፈሩ፣ ሌላውን ለስፒከሮቹ የሚከፋፍል ከሆነ ግን ይህን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ክፈቺው፤ ሁለት ጊዜ መቁረጥ አያስፈልግም።

ፌዝ የሚለው የሰብዉፈሩ ንዝረት ከስፒከሮቹ ጋር እንዲገጥም የሚያደርግ ነው፤ 0 እና 180 አለው። ሰው ይቀይርልሽና አንቺ ሶፋው ላይ ሆነሽ አዳምጪ። ቤዙ የሞላበትን ያዢ።

የመጨረሻው የድምፅ መጠኑ ነው። ዜሮ ላይ አድርጊውና ቀስ እያልሽ ጨምሪ። «አሁን ሰብዉፈሩ ተሰማኝ» ያልሽበት ላይ ስትደርሺ ትንሽ መልሺው። በትክክል የተስተካከለ ሰብዉፈር መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ጎረቤት ሳላስቀይም ይቻላል?

መልስ፦ በልኩ ከሆነ ይቻላል። ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርግና ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ አስቀምጥ። ወደ ወለሉ የሚወርደው ንዝረት ይቀንሳል። በአየር የሚሄደውን ቤዝ ግን ስፖንጅ አያስቆመውም። ስለዚህ ቀን ላይ ሁልጊዜ በምታዳምጥበት መጠን ሙዚቃ ክፈትና ታች ወርደህ በራቸውን አንኳኳ። አስፈቅደህ እነሱ ሳሎን ገብተህ ስማው። ከዚያ በኋላ የት ላይ ማቆም እንዳለብህ ታውቀዋለህ። ማታ ሕፃን ካለ አጥፋው።

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየሬ አሮጌ ነው፤ የሰብዉፈር መውጫ የለውም።

መልስ፦ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው፣ የስፒከር ገመድ የሚቀበል ሰብዉፈር ፈልግ። ከኋላው ቀይና ጥቁር መቆንጠጫዎች አሉት። ከአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ በቀጥታ ትወስድለታለህ። የራሱ አምፕሊፋየር የሌለውን፣ ከሌላ ሆም ቴአትር የተነጠለ ሰብዉፈር ግን በርካሽ ነው ብለህ አትግዛ። አብሮት ከመጣው ሆም ቴአትር ውጭ ብዙም አይሠራም። የመኪና ዉፈርም እንዲሁ፤ ለመኪና አምፕሊፋየሩ 12 ቮልት ፍለጋ የምታወጣው ወጪ ደህና የቤት ዕቃ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሊያመጣልኝ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ የእነሱ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ከመግዛቱ በፊት የኋላውን ፎቶ ይላክልሽ። 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው፣ ሶኬት ላይ ከመሰካትሽ በፊት 230 ላይ አድርጊው። 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሳትጠነቀቂ ከሰካሽው በዚያች ቅጽበት ይቃጠላል። መብራት ሲሄድም ንቀይው፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ብገዛ?

መልስ፦ እኔ እገዛለሁ። ሸራውን ገልጠህ የኮኑን ዙሪያ እይ። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይፈረፈራል፤ ጎማ ይቆያል። በሁለት እጅ ጣቶችህ ኮኑን ቀስ ብለህ ተጫነው። የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ተወው። ከዚያ ምንም ገመድ ሳይገባበት አብራው። የሚያጉረመርም ከሆነ ችግሩ ከውስጥ ነው። ያለ ገመድ ጸጥ ብሎ፣ ስታገናኘው ብቻ ካጉረመረመ ግን ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪኩ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ጉዳይ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክተህ ሞክር።

ጥያቄ፦ አባቴ በጾም በገና ነው የሚያዳምጡት። ሰብዉፈር ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽኝ እህቴ ተባረኪ። በገና 10 አውታር ያለው፣ ወፈር ያለ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ግን ያ ልብ የሚነካው ንዝረት የሚመጣው ከእንዝራው ነው፤ ከአውታሩና ከድልድዩ መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ። ያ ንዝረት ደግሞ ከሰብዉፈር ክልል በላይ ነው፤ የሚያወጡት ሁለቱ ስፒከሮች ናቸው። የሰብዉፈሩ ድርሻ ትንሽ ነው። ክሮስኦቨሩን 60 ኸርዝ አካባቢ አውርጂው፣ ድምፁን ከዘፈኑ ጊዜ ቀንሺው። አባትሽ ቁጭ ብለው እያዳመጡ አንድ ጊዜ አጥፊው፣ አንድ ጊዜ አብሪው። የትኛው እንደሚሻል እሳቸው ይንገሩሽ።