ማዕበል የአርክቲክን በረዶ ያቆየዋል ወይስ ያቀልጠዋል?

ጥያቄ፦ በበጋ በአርክቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚነሳ ማዕበል ፀሐይን በደመና ይጋርዳል፣ አመዳይም ያወርዳል። ታዲያ የባሕሩን በረዶ ይጎዳል የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወሳኙ ወቅቱ ነው። ጁን ላይ በረዶው ገና ወፍራም ስለሆነ ማዕበል ይበጀዋል፤ ደመናው ያቀዘቅዘዋል፣ አዲሱ ነጭ አመዳይም የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ኦገስት ላይ ግን በረዶው ሳስቷል። ነፋሱ ይሰባብረዋል፣ ሞገዱም ጠርዝ ጠርዙን ይገዘግዘዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሥር የሚደርስበት ነው። ከላይ ያለው ውሃ ቀዝቃዛና ጨው የሳሳ ሲሆን፣ 20 ሜትር ገደማ ዝቅ ሲባል በበጋ ፀሐይ የሞቀ፣ ጨዋማ ውሃ አለ። ጨዋማው ስለሚከብድ ሙቀቱን ይዞ እዚያው ይቀመጣል። ማዕበሉ ሁለቱን ሲያማስላቸው ሙቀቱ ወጥቶ በረዶውን ከሆዱ ያቀልጠዋል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2012 የተነሳው ኃይለኛ ማዕበል በማዕከሉ የአየር ግፊቱ እስከ 966 ሄክቶፓስካል ወርዶ ነበር። በሴፕቴምበር የበረዶው ስፋት 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ፤ በሳተላይት ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ብዙዎች ጥፋቱን በማዕበሉ ማላከካቸው ግን ልክ አይደለም። በኮምፒውተር ሞዴል ሲሰላ፣ ማዕበሉ ባይነሳም ክብረ ወሰኑ መሰበሩ አይቀርም ነበር፤ ልዩነቱ 150 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በረዶው ቀድሞውኑ ሳስቶ ነበር።