ታይታኒየም ነው ወይስ ስሙ ብቻ? የቤት ዕቃ ገዢዎች ጥያቄና መልስ

«ታይታኒየም» የሚለው የብረት ስም ከአውሮፕላን ሞተርና ከጥርስ ተከላ ክፍል ወጥቶ ወደ ማድ ቤት ከገባ ወዲህ፣ ዕቃው ዋጋውን ያወጣ እንደሆነ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ለዚህ ዓምድ በርክተውለታል። ከመጡት ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። ገዢው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ሁለት ነገር ቢለይ ግማሹ ጥያቄ ራሱ ይመለሳል፦ ዕቃው ሁለንተናው ታይታኒየም ነው ወይስ ላዩ ብቻ? ደግሞስ የታይታኒየም ጠባይ ለዚያ ዕቃ ሥራ ይፈለጋል?

«የታይታኒየም መጥበሻ ነው ተብሎ በ120 ዶላር ገዛሁ። ሽንኩርትም የማቁላላው በእሱ ነበር። በአራተኛው ወር እንቁላል መያዝ ጀመረ። ተታልያለሁ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሻጩ ዋሽቷል ለማለት ይከብዳል፤ ቃሉ ግን አሳስቶዎታል። በገበያ ላይ «ታይታኒየም» ከሚባሉት መጥበሻዎች አብዛኞቹ አካላቸው አሉሚኒየም ነው። ላዩ እንደ ቴፍሎን ያለ ምግብ የማያስይዝ ቅብ ሲሆን፣ ታይታኒየሙ ቅቡን ለማጠንከር የተጨመረ ጥቂት ብናኝ ነው። መግለጫው ላይ «በታይታኒየም የተጠናከረ» የሚል ቃል ካዩ ነገሩ ይኸው ነው። እንቁላሉን ሳይዝ የሚለቀው ቅቡ እንጂ ታይታኒየሙ ስላልሆነ፣ ቅቡ ሲያልቅ መጥበሻውም አለቀ ማለት ነው።

ሁለንተናው ታይታኒየም የሆነ መጥበሻ ለምን በብዛት አይሠሩም ቢሉ፣ ብረቱ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ደካማ ስለሆነ ነው። አሉሚኒየም ከታይታኒየም 10 እጥፍ ያህል የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። በስስ የታይታኒየም መጥበሻ ሽንኩርት ቢያቁላሉ፣ ከእሳቱ አናት ያለው ሲያር ዳር ያለው ገና ነጭ ነው። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የታይታኒየም ድስት የሚወዱት ቀላል ስለሆነና ውሃ ለማፍላት ስለሚበቃቸው እንጂ ወጥ ስለሚሠሩበት አይደለም።

የእርስዎን ቅብ ቶሎ የጨረሰው የእኛው አሠራር ሳይሆን አይቀርም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ሲያቁላሉ፣ በውስጡ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ግን በፍጥነት ይወጣል። ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራል። ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ከተጣደ ደግሞ ያንን በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሰውን ያሳምማል፣ በቤት ውስጥ ያሉ ወፎችን ይገድላል። ስለዚህ ለቁሌት ቂጡ ወፍራም የሆነ ስቴንለስ ስቲል ድስት ይግዙ፤ ለእንቁላል ደግሞ ርካሽ ቴፍሎን በመጠነኛ እሳትና በእንጨት ማማሰያ ይበቃል። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ 120 ዶላር የሚገባው መጥበሻ የለም።

«የታይታኒየም መክተፊያ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ቢላም አያደንዝም ይላሉ። እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

የቢላውን ነገር በግማሽ እውነት ይሉታል። ንጹህ ታይታኒየም ከጠነከረ የቢላ ብረት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ከእንጨትና ከፕላስቲክ ጋር ሲነጻጸር ግን እጅግ ጠንካራ ነው። እንጨት ላይ የቢላው ስለት በትንሹ ሰምጦ ይቆማል፤ ብረት ላይ ግን መስመጫ ስለሌለው ይታጠፋል፣ ሞረድም ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ጎመን ሲከተፍበት የሚወጣውን ድምፅ ደግሞ ጎረቤት ይመስክር።

የባክቴሪያው ወሬ ግን ከሌላ ነገር የተቀዳ ነው። ባክቴሪያ ለመግደል የሚያገለግለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ሲሆን፣ እሱም አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ነው፤ የማድ ቤት አምፖል ሥር የተቀመጠ ብረት ይህን አያደርግም። ውሃና የሥጋ ደም አለመምጠጡና በቀላሉ መታጠቡ እውነት ነው። እሱን ግን ተራ ስቴንለስ ስቲልም ያደርገዋል። ለጥሬ ሥጋ አንድ፣ ለአትክልት ሌላ የእንጨት መክተፊያ መለየት የበለጠ ይጠቅማል።

«ከዱባይ ለወንድሜ የታይታኒየም ኩባያ ልልክለት ነው። እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ብዙ ሰው ማግኔት ያስጠጋል። ማግኔት ከሳበው ታይታኒየም አይደለም፤ ካልሳበው ግን ገና ምንም አላወቁም፤ ብዙው ስቴንለስ ስቲልም በማግኔት አይሳብምና። አስተማማኙ ክብደትን ከመጠን ጋር ማነጻጸር ነው። የማድ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካለዎት በመጀመሪያ ኩባያውን ይመዝኑ። ከዚያ ውሃ የያዘ፣ ግን እስከ አፉ ያልሞላ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ኩባያውን በክር አንጠልጥለው፣ ቂጡን ሳያስነኩና አየር ሳያስቀሩ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያስገቡ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የብረቱ መጠን ነው። የመጀመሪያውን ክብደት በዚህ ቁጥር ሲያካፍሉ ወደ 4.5 ከመጣ ታይታኒየም ነው፤ ወደ 8 ከተጠጋ ስቲል፣ 2.7 ከሆነ አሉሚኒየም።

ባለፈው ወር «ንጹህ ታይታኒየም» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበትን አንዲት ትንሽ መክተፊያ በዚህ መንገድ ፈተንኋት። ደረቅ ክብደቷ 474 ግራም ነበር፤ ውሃ ውስጥ ስትገባ ሚዛኑ 60 አነበበ። ውጤቱ 7.9 ነው፤ የከፈልሁት የታይታኒየም ዋጋ፣ የያዝሁት ስቴንለስ ስቲል ማለት ነው። ዘዴው ግን ሁለት ግድግዳ ላለው ዕቃ አይሠራም፤ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ስሌቱን ያዛባዋል።

«ለሠርጌ ወርቃማ የታይታኒየም ማንኪያና ሹካ አየሁ። ይበረክታል?» (ከሐዋሳ)

አካሉ ስቴንለስ ስቲል ነው። ወርቃማው ቀለም ታይታኒየም ናይትራይድ የሚባል፣ በሚሊሜትር ሺሕኛ የሚቆጠር ስስ ሽፋን ነው፤ በወርቃማ የትራፓኖ ፑንታ ላይ የሚያዩት ያው ነው። በሽቦ እስካልፈገፈጉት ድረስ ጥሩ ይቆያል፤ ለጤናም አያሰጋም። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ይግዙት፤ ሻጩን ሲጠይቁ ግን ስለ ታይታኒየሙ ሳይሆን ከሥር ስላለው ስቲል ዓይነት ይጠይቁ።

«ታይታኒየም በአውሮፓ ከምግብ ታግዷል ሲሉ ሰማሁ፤ የገዛሁት ኩባያ ያሳስበኝ?» (ከፍራንክፈርት)

አውሮፓ ኅብረት በ2022 የከለከለው ኢ171 የሚባለውን፣ ከረሜላና መጋገሪያ ለማንጣት የሚጨመረውን የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ ብረቱን አይደለም። የኩባያው ብረት ሰውነት ከሚቀበላቸው ብረቶች አንዱ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ብራነማርክ በ1965 የመጀመሪያውን የታይታኒየም ጥርስ በሰው መንጋጋ ላይ የተከለውም በዚህ ጠባዩ ነው። ንጹሑ ታይታኒየም ኒኬል ስለሌለበት፣ ኒኬል ቆዳቸውን ለሚቆጣቸው ሰዎች የመነጽር ፍሬምና የጆሮ ጌጥ ሲሆን ዋጋው በእርግጥ ተገቢ ነው።

ኩባያውም ቢሆን ለመንገደኛ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ የቡናውን ጣዕም አይለውጥም። ባለ አንድ ግድግዳ ከሆነ በጋዝ ወይም በከሰል ላይ ሊጥዱት ይችላሉ፤ በኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል በሚያግለው) ላይ ግን አይግልም። ባለ ሁለት ግድግዳ ከሆነ ፈጽሞ እሳት ላይ አያድርጉት፤ በግድግዳዎቹ መካከል የታሸገው አየር ሲሞቅ ኩባያው ሊፈነዳ ይችላል።